ቀርዞን ሆኜ የማልኩት መሐላ

ባለፈው ጥቅምት ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጀውሃ ላይ ቆመ። ሹፌሩ «አምስት ደቂቃ አባባ፣ አንድ ነገር ቀምሼ ልምጣ» ብሎ ወረደ። የሹፌር አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ የታቀፈቻት ዶሮ እንኳን አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ቆይቶ ረዳቱ ሹፌሩን ልጥራው ብሎ ሄደ፤ እሱም እዚያው ቀረ። ትዕግሥቴ አለቀና ዱላዬን ይዤ ወረድኩ።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮችም፣ አስተናጋጇም ሳትቀር አንገታቸውን ሰቅለው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ቴሌቪዥን ያያሉ። የሹፌሩ ጥብስ ቀዝቅዞ ሞራው ረግቷል። ወደ አማርኛ የተመለሰ ተከታታይ ፊልም ነው። ሰዎቹ የሚኖሩት ሰማይ ላይ በሚሄድ መርከብ ውስጥ ነው አሉኝ፤ ምድር ጠባቸው ይሁን ጠልተዋት አልገባኝም። አንድ ፊቱ የገረጣ ረጅም ሰው በብርሃን ገመድ ታስሮ ነጭ የለበሰች ዳኛ ፊት ቆሟል።

«ልጄ፣ እስቲ ሻይ» አልኩ።

«እሺ አባባ፣ ይፈረድበትና» አለች አስተናጋጇ ሳትዞር።

«ማን ላይ?»

«ገዳዩ ላይ ነዋ! ስንት ወር ሙሉ የጠበቅኩት!»

ተፈረደበት። በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ነህ ተባለ፤ በረዶ የሞላበት ኮከብ ላይ ዕድሜ ልኩን ይታሰር ተባለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሹፌሩ «ይበለው! ይበለው!» እያለ ጠረጴዛውን ደበደበ። አንደኛው የከባድ መኪና ሾፌር ግን አልጠገበም። «ምን በረዶ ላይ ያስቀምጡታል? እኛ ያልገደልነው እዚህ ስንቃጠል፣ እሱን ያቀዘቅዙለታል!» አለ።

«ለመሆኑ የሟች ዘመዶች ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አባባ፣ ፊልም እኮ ነው» አለኝ ረዳቱ።

«ፊልም ከሆነ ምን ያስጨበጭብሃል? እውነት ከሆነ ደግሞ የሟችን ወገን ሳይጠይቁ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ኧረ ገዳዩ ጠበቃ አገኘ!» አለ ሹፌሩ። ሳቁብኝ። ሻዩም ሳይመጣ ቀረ።

ይሳቁ። እኔ ግን ጀውሃን እስክንለቅ ድረስ በንዴት ጨስኩ። ለዚያ ፊቱ ለገረጣ ሰውዬ ያዘንኩት ወድጄ አይደለም። እኔም በጎረምሳነቴ ኮከብ ላይ በነፍስ ግድያ ተፈርዶብኛል። ጣጣው ግን የጠበቀኝ እዚሁ ምድር ላይ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። እኔ ዘፈን አልችል፣ እስክስታ አልችል፤ መጋረጃ ጎታች ነበርኩ፤ ለዚያውም ገመዱ ጠብቆ ጉልበት ሲፈልግ ብቻ። አንድ ክረምት ከደጋ የመጣ የሳይንስ መምህር ቡድኑን ተረከበ። ቀጭን፣ ቆላው ያልተስማማው፣ ሁልጊዜ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ የሚጠመጥም ሰው ነው። መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ተከታታይ ተውኔት ጻፍኩ አለ፤ በየገበያው ቀን አንድ አንድ ክፍል፣ በጠቅላላው ስድስት።

«ነገሩ ሁሉ የሚሆነው ኮከብ ላይ ነው፤ ከሺህ ዓመት በኋላ» አለን።

«ከሺህ ዓመት በኋላ የሚሆነውን በምን አወቁት መምህር?» አልኩት።

«አላወቅኩትም፤ አስቤው ነው» አለኝ።

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያላዩትን ነገር ያስቡና ጣጣውን ለሌላ ሰው ይተዋሉ።

ኮከቡ ዝናብ የማያውቅ ነው። ያለችው አንዲት ምንጭ ናት። ምንጯን የሚጠብቅ፣ ውሃውን ለየቤቱ በተራ የሚያካፍል አንድ ደግ ሰው አለ። ቀርዞን የሚባል ክፉ ሰው ይህን ሰው ገድሎ ውሃውን ለብቻው ሊያደርግ ይነሳል፤ በኋላ ይያዛል፣ ይፈረድበታል። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ብዙ ደከመ። እኛ ግን አስረጂ አያስፈልገንም ነበር፤ ቆላ ነን። የመስኖ ውሃ በተራ የሚያካፍለውን ሰው እኛም የውሃ አባት እንለዋለን። በውሃ ተራ ተጣልቶ አካፋ ያላነሳ ጎረቤትም የለም። ሕዝቡ ኮከቡን ትቶ ውሃውን ብቻ አየ።

ቀርዞንን ለእኔ ሰጠኝ። «ለምን እኔ?» ስለው «ፊትህ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። የውሃ ጠባቂውን ለሰዒድ ሰጠው። ሰዒድ የአሊዩ አምባ ልጅ ነው፤ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ። ጋቢ ሊሸጥ ወደ እኛ መጥቶ አጎቱ ቤት ከረመ። ሲቀልድ የታመመ ያስነሳል። ገና በመጣ በሳምንቱ ነው የተወዳጀነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የተጻፈልኝን ማንበብ አልሆነልኝም፤ እሱ እያነበበልኝ፣ እኔ እየደገምኩ፣ የማሽላ አገዳ እየመጠጥን ነው ቀርዞንን ያጠናሁት።

ልብሴን ብታዩት። ራሴ ላይ የዘይት ቆርቆሮ ደፉብኝ፤ ለዓይኔ ሁለት ቀዳዳ። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት ለቅመው ደረቴ ላይ ለጠፉ። የኮከቡ መሣሪያ ነው ብለው ነጭ የተቀባ የውሃ ቧንቧ አስያዙኝ። መምህሩ «ስትመታው አጠገቡ መሬት ላይ ነው የምታሳርፈው» ብሎ አሥር ጊዜ አስጠንቅቆኛል።

የግድያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠላጥሏል። ቧንቧውን አነሳሁ። ያኔ ከኋላ የተቀመጡ ጎረምሶች «አይችልም! ፈሪ ቀርዞን! ውረድ!» ብለው ጮኹ። አይችልም ሲሉኝ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። ሰነዘርኩ። ሰዒድ ግራ እጁን አነሳ። የማሽላ አገዳ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ። ሰዒድ አንዴ ጮኸ፤ ሕዝቡ እንደዚያን ቀን አጨብጭቦ አያውቅም። እሱ ግን ሟች ነውና እጁን ከሆዱ ሥር አድርጎ፣ መጋረጃው እስኪዘጋ ሳይነቃነቅ ተኛ።

«ሰበርከኝ እኮ፣ ይርጋ» አለኝ ከመጋረጃው ኋላ። የመሐል ጣቱ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

«አይዞህ፣ ጨዋታ ነው» አልኩት።

ያልኩት ይህንን ነው። በሁለተኛው ቀን ወደ አገሩ ሄደ። የት ገባ ብሎ የጠየቀም የለም፤ ሞቷላ! የሞተ ሰው ለሚቀጥለው ክፍል አይፈለግም።

አምስተኛው ክፍል ፍርዱ ነበር። ሰዒድ ስለሌለ ያጠናኝ ሰው አልነበረም። ዳኛው «ማል!» ሲለኝ «በሰባቱ ኮከቦች እምላለሁ» ማለት ነበረብኝ። ጠፋኝ። መምህሩ ከመጋረጃ ኋላ ሹክ ይለኛል፤ ቆርቆሮው ጆሮዬን ደፍኖታል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ዳኛው ደግሞ «ማል እንጂ!» አለ። ሲጨንቀኝ ከአፌ የወጣው ከልጅነቴ ጀምሮ ዛፍ ሥር ሽማግሎች ፊት ሲማል የሰማሁት ነው።

«እጄ ነክቶት እንደሆነ ዘሬ ይነቀል! ስሜን የሚጠራ አይኑር!»

አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ስትል ሰማሁ። ዳኛው ቸኩሎ ገዳይ ነህ ብሎ ፈረደብኝ፤ ጨለማ ኮከብ ላይ ጣሉኝ። ያን ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ሰዉ ዓይኑን ሰብሮ ወጣ። እኔ ሞኙ በጣም ጥሩ ስለተጫወትኩ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ አደርኩ።

ከዚያ በኋላ ስሜ ቀርዞን ሆነ። ጠጅ ቤት ውሃ ስጠይቅ «ለቀርዞን ውሃ የለም!» ይሉኛል። እሱስ ይሁን፤ ጆሮ ይለምደዋል። የባሰው የደብሪቱ ነገር ነው።

ደብሪቱ ገበያ ላይ ማሾ ትሸጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የማልፈልገውን ማሾ ገዝቻለሁ፤ እናቴ «ይህ ልጅ ማሾ አበደበት» እስክትል ድረስ። በመጨረሻ ተነጋገርን። «ሽማግሌ ላክ። ግን አባቴ አንዴ እንቢ ያለውን ሁለተኛ አያነሳውም፤ ዕድላችን አንድ ናት» አለችኝ። አባቷ አቶ ንጋቱ የመንደራቸው የውሃ አባት ናቸው። ለካ በየገበያው ቀን ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ እንደ እሳቸው ያለ ሰው በቧንቧ ሲገደልም፣ እኔ ስምልም አይተዋል።

ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። የሚመሯቸው ሼህ ኑርዬ ነበሩ፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚያስታርቁ፣ አፋቸው ቀስ ያለ ሰው። ሲመለሱ ገና ከሩቅ ፊታቸውን አይቼ አወቅኩት።

«ልጁን አልጠላሁትም አሉ» አሉኝ ሼህ ኑርዬ። «ዘሩን በገዛ አፉ ላስነቀለ ሰው ግን ልጄን አልሰጥም፤ የልጅ ልጅ አይቼ መሞት እፈልጋለሁ ነው ያሉት። እንቢታቸውን ገና አላጸኑትም፤ ቶሎ ድረስበት።»

ደሜ ፈላ። ጠያቂ ራሱ ሄዶ አማቱን መሞገት ነውር ነው፤ እኔ ግን ሄድኩ። አቶ ንጋቱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ቦዩ ውስጥ ቆመው፣ የአንዱን ተራ ዘግተው የሌላውን በአካፋ ይከፍታሉ።

«ጋሼ ንጋቱ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ጨዋታውን አውቃለሁ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ያን ቆርቆሮ ደፍተህ ሳይህ ሳቄ ነው ያስቸገረኝ። መሐላው ግን ቆርቆሮ አልደፋም።»

«የኔ መሐላ አይደለም፤ የቀርዞን ነው!»

«ቀርዞን ዘር አለው?»

«ቀርዞን የሚባል ሰው የለም!»

«እንግዲያው የማን ዘር ነው የተማለበት?»

አካፋቸውን ጭቃው ውስጥ ሰክተው ጠበቁኝ። ሰው ሲሞግት ዝም ብሎ እንደሚጠብቅ የሚያበሽቅ የለም።

«መሐላውም ቢሆን የሐሰት አይደለም። ሰዒድን አልገደልኩትም፤ አሊዩ አምባ በሕይወት አለ!»

«አልገደልኩም ብለህ አልማልክም። እጄ አልነካውም ነው ያልከው። ነክተኸዋል?»

«ጨዋታ ነበር ስልዎ!»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ሰውየውን አምጣው፣ ከአፉ ልስማ። እጅህ ካልነካው መሐላህ ንጹሕ ነው፤ ልጄም ያንተ ናት።»

ምን ዓይነት ሕዝብ ነው! ያየውን ተውኔት ያውቃል፣ ይስቅበታል፣ ተመልሶ ግን ይዳኝበታል። ይህን እያልኩ ስሳደብ ሆዴ ግን ያውቅ ነበር። ያን የአገዳ ድምፅ ከእኔና ከሰዒድ በቀር የሰማ የለም። ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሰዒድ ወዳጄ ነው፤ አልነካኝም በል እለዋለሁ፤ ይላል።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው ተነሳሁ። አሊዩ አምባ ያን ጊዜ በእግር የሁለት ቀን መንገድ ነበረች። የዛሬ ሰው መኪናው አንድ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር አገር ይረግማል፤ እኔ ስንት ወንዝ በወገቤ ተሻግሬያለሁ። ማሽላው እሸት ይዞ ነበር። አንድ ማሽላ ጠባቂ ከማማው ወርዶ አንድ ራስ ጠብሶ በመዳፉ አሽቶ ሰጠኝ፤ ያ ጣዕም ዛሬም ምላሴ ላይ አለ። ጨው የጫኑ ግመሎች መንገዱን ዘግተው ግማሽ ቀን ከኋላቸው አዘገሙኝ። ጥድፊያ ያለበትን ሰው ግመል ያውቀዋል ልበል?

ስደርስ ሰዒድ ከሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ግን አይሸምንም። ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። መወርወሪያውን የሚቀልበው በዚያ እጁ ነው። እናቱ እትዬ ዘሃራ የልጄ ጓደኛ መጣ ብለው እግሬን አስታጠቡኝ፤ የማሽላ ገንፎ አገንፍተው፣ መሐሉን በቅቤ ሞልተው አቀረቡልኝ። ሁለት ቀን የተራበ ሰው ነኝ፤ እየተቃጠልኩ ጎረስኩ።

«ከሮቢት ነህ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«የልጄን ጣት የሰበረውን ሰውዬ ታውቀዋለህ? ቀርዞን የሚባል ነው አለኝ።»

ሰዒድን አየሁት። እሱ ገንፎውን ያያል። ለካ ስሜን አላወጣውም፤ ጥፋቱን ሁሉ በቀርዞን ላይ ጭኖታል።

«አላውቀውም» አልኩ።

«አላህ ይይለት! እህሉን ነቀዝ ይብላው! ደጁን እሾህ ይብቀልበት! ላሙ ትንጠፍ! እንደ ልጄ ጣት የልጆቹ ጣት ይጉደል! ብላ እንጂ ልጄ፣ ቅቤው ረጋ እኮ።»

እየተረገምኩ ጎረስኩ። በዚያች ማታ ሦስት ጊዜ ረገሙኝ፤ ሦስቴም ቅቤ ጨመሩልኝ።

ጠዋት ሰዒድን ለብቻው አገኘሁት። «አልነካኝም በል፤ ሌላ አልጠይቅህም» አልኩት።

«ዋሽቼ አልመሰክርም፣ ይርጋ። አላህ አለ። ግን እመጣልሃለሁ።»

«መጥተህ ምን ልትል?»

«የጠየቁኝን።»

ሁለት ቀን ሙሉ አብረን ስንሄድ ያው ነው። ይዘፍናል፣ ይቀልዳል፣ ከመንገድ ዳር የለቀመውን የቁርቁራ ፍሬ ይወረውርብኛል። ምን ልትል ነው? ስለው «ሟች አይናገርም» ይለኛል። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ኮረፍኩት። ወንዝ ላይ በአንድ እጁ መያዝ አቅቶት ሲንገዳገድ ክንዱን ያዝኩለት። «ተው፣ ነካኸው ይሉሃል» አለኝና ብቻውን ሳቀ። እኔ ምኑም አላሳቀኝም።

ሼህ ኑርዬና ሁለቱ ሽማግሎች ከአንድ ሾላ ሥር ተቀመጡ፤ አቶ ንጋቱ ፊት ለፊታቸው። ደብሪቱ ወደዚያ መቅረብ አትችልም፤ ግን ከአጥሩ ኋላ ማሾ የሚያንገዋልል ወንፊት ይሰማ ነበር፤ ሼህ ኑርዬ መናገር ሲጀምሩ ወንፊቱ ዝም አለ።

«ሰዒድ ልጄ፣ እንኳን ከሞት ተመለስክ» አሉ ሼህ ኑርዬ። ሽማግሎቹ ፈገግ አሉ። «ይህ ልጅ እጄ አልነካውም ብሎ በዘሩ ምሏል። ነክቶሃል?»

ሰዒድ ጨርቁን ቀስ ብሎ ፈታ። ጣቱ ጠቁሮ፣ አብጦ፣ ተጣሟል።

«ነክቶኛል» አለ። «እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። እሱ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጨዋታ ነበር የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ ልተፋት ስል ያ ጥቁር ጣት ፊቴ ላይ አለ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳየው እንኳን እንዲህ አልታየኝም። አቶ ንጋቱ እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ልጅቷን እንዳጣሁ ታውቆኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስዋሽ ነገር አልቀረኝም።

«እኔ ነኝ የሰበርኩት» አልኩ። «አትችልም ሲሉኝ ጊዜ ብሽቅ ብዬ እውነቴን ነው የመታሁት። ጨዋታ ነው ብዬም ጥዬው ሄድኩ። ሰዒድ፣ ይቅር በለኝ።»

«አሁን ገና ሞትኩልህ» አለ ሰዒድ፤ አቅፎ ሳመኝ።

ሽማግሎቹ ተንሾካሾኩ። ሼህ ኑርዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መሐላው ተበላሽቷል፤ ይፈታ ዘንድ ግን መንገድ አለው። ሰዒድ እናቴ ረግማዋለች ብሎኛል። ሄደህ ቀርዞን እኔ ነኝ በላት። እሷ ካነሳችልህ ተፈቷል» አሉኝ። አቶ ንጋቱም «እሷ ካነሳች እኔም እሰጣለሁ» አሉ።

እንደገና ሁለት ቀን! ግመል ቢሆን ኖሮ ያምፅ ነበር። ሰው ከሺህ ዓመት በኋላ ኮከብ ላይ ለሚሠራው ወንጀል ስምንት ቀን በእግሩ ይሄዳል? እኔ ሄድኩ፤ ሰዒድም አብሮኝ ተመለሰ።

እትዬ ዘሃራ ደጃፍ ተቀምጠው ማሽላ ይለቅማሉ። ቆሜ ነገርኳቸው።

«ቀርዞን አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ገንፎዬን በላህ፤ አላውቀውምም አልክ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

ተቀመጥ አሉኝ። ማሽላቸውን ለቅመው ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ርግማናቸውን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። «እህልህን ነቀዝ አይንካው። ደጅህ ይለምልም። ላምህ አትንጠፍ።» እዚህ ላይ ቆሙ። ግንባራቸውን አሹ። «አንዲት ነበረች ሌላ። ምን ነበረች? ኤዲያ፣ ጠፋችኝ። በል ገንፎው ይቀዘቅዛል።»

እኔ አልጠፋችኝም። «የልጆቹ ጣት ይጉደል» የምትለዋ ነበረች። ላስታውሳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት። እልኽ ነው። ኮከብም ቀርዞንም ርግማንም በቃኝ፤ ይህ ሁሉ ተረት ነው፣ አንዲት ሴትዮን ይህችን ረስተዋታል ብዬ ልለምን? አልኩና ዝም አልኩ። የሰዒድ ጣት እስኪድን እዚያው ከርሜ እየተንበረከኩ ክር አጠነጠንኩለት፤ በረጅም ቁመቴ የሚስቁ ሕፃናት ሁሉ መጥተው አዩኝ። ጣቱ ዳነ፣ ግን ተጣሞ ቀረ። አቶ ንጋቱ ቃላቸውን ጠብቀው ልጃቸውን ሲሰጡኝ ሰዒድ ለሠርጌ መጣ፤ «የገዳዬ ሚዜ ነኝ» እያለ እንግዳውን ሁሉ አሳቀ።

ደብሪቱ ሰባት ወለደችልኝ። አማቴም የልጅ ልጅ አይተው፣ አቅፈው፣ መርቀው ነው የሞቱት። እኔ ግን አንድ ልጅ በተወለደ ቁጥር፣ አራስ ጠያቂው ወጣ ሲል፣ የሕፃኑን ጭብጥ ቀስ ብዬ እከፍትና እቆጥራለሁ። ለደብሪቱም የነገርኳት ነገር የለም። ሰው ቢያየኝ ልጁን እያጫወትኩ ነው የሚለው። በርግማን የማምን ሰው አይደለሁም። ተረት እንደሆነ አውቃለሁ። መቁጠሩን ግን መተው አልቻልኩም፤ በዚህ ራሴን ስንት ጊዜ እንደሰደብኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያን ቀን ሚኒባሱ አጣዬ ሲያደርሰኝ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የሄድኩት የልጅ ልጄ ወልዳ ነው፤ ደብሪቱ ቀድማኝ ሄዳ እያረሰቻት ነበር። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው፤ የቀድሞው በእሳት ሄዷል። ሴት ናት የተወለደችው። አሳቀፉኝ፤ አቀፍኳት። የፊልሙ ሰዎች፣ ያ ሹፌር፣ ሳቃቸው ገና ከጆሮዬ አልወጣም። በሰማይ የሚፈርዱት ይቀላቸዋል፤ ፈርደው፣ በረዶ ውስጥ ከትተው፣ ቴሌቪዥኑን ያጠፋሉ። ጠፍቶ የማይጠፋ ነገር እንዳለ ለእነሱ ማን ይንገራቸው? እኔስ ብነግራቸው ሻይ እንኳን አይሰጡኝም።

ሌሎቹ ወደ ጓዳ ሲገቡ ጊዜ አገኘሁ። የሕፃኗን ግራ እጅ ቀስ ብዬ ከፈትኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

«ተው፣ ልጅቷን አትቀስቅሳት» አለችኝ ደብሪቱ ከበሩ ላይ። «እኔ ጠዋት ቆጥሬያታለሁ። አሥር ናቸው።»